ለአን ሃታዌይ አንድ ምሽት መድረክ እንስጣት

ወገኖች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለንደን ያለን ጥቂት የቴአትር ወዳጆች አንድ ሥራ ጀምረናል፤ ለመጨረስ ግን የእናንተ እጅ ያስፈልገናል። ስለ ዊልያም ሼክስፒር ሚስት፣ ስለ አን ሃታዌይ፣ በአማርኛ የተጻፈ ቴአትር ነው። አንዲት ተዋናይት ብቻዋን ትጫወተዋለች። ድርሰቱ አልቋል። ተዋናይቷም ከሥራ መልስ እየተለማመደች ነው። የቀረን የአዳራሽ ኪራይ፣ መብራት፣ ልብስና የባለሙያዎቹ ክፍያ ነው።

«እኛን ከሼክስፒር ሚስት ጋር ምን አገናኘን?» የሚል አይጠፋም። ባልየውንማ እናውቀዋለን። ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ መልሶልን የኛ ያህል ሆነዋል። ሚስቱን ግን ማን ያውቃታል? እዚሁ እንግሊዝ አገር እንኳ ስለ እሷ ጠይቃችሁ የምትሰሙት ሁለት ነገር ነው፤ ከባሏ በ8 ዓመት መብለጧን እና የአልጋውን ወሬ።

የተጋቡት በፈረንጆቹ 1582 ኖቬምበር ላይ ነው። እሱ 18፣ እሷ 26። ነፍሰ ጡር ነበረች። ጋብቻው ቶሎ እንዲፈጸም ሁለት የአገሯ ገበሬዎች የ40 ፓውንድ ዋስትና ገቡ፤ ሱዛና የተባለችው ልጃቸውም በቀጣዩ ሜይ ክርስትና ተነሳች። እንግዲህ ከዚህች ወረቀት ተነስተው ስንት ጸሐፊዎች «አሮጊቷ ልጁን አጥምዳ ያዘችው» የሚል ታሪክ ሠርተውባታል! ይሄ በጣም ያናድደኛል። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሴት በ26 ዓመቷ ማግባቷ የተለመደ ነበር። ያልተለመደው የሱ በ18 ማግባት ነው። አባቷ ደግሞ ገና ከዓመት በፊት ነው የሞተው፤ ስታገባ የሚሰጣት ትንሽ ገንዘብ ተናዞላት።

በ1585 መንትዮቹ ሐምኔትና ጁዲት ተወለዱ። ባል ወደ ለንደን ሄደ። እሷና ልጆቹ የቀሩባት የአገራቸው ከተማ ስትራትፎርድ ከለንደን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በፈረስ ዘመን የቀናት መንገድ ነው። በ1596 ሐምኔት በ11 ዓመቱ ሞቶ እዚያው ስትራትፎርድ ተቀበረ። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዶ፣ ልጅ እያሳደገች፣ ዘመድ እያስታመመች፣ የሚላከውን እየቆጠበች ቤት ያቆመች ሴት በየቤታችን አለች። እናታችን ልትሆን ትችላለች፣ አክስታችን። ለዚህ ነው በአማርኛ የጻፍነው።

እኔ ከሁሉም በላይ የወደድኩት የብቅሉን ነገር ነው። በ1598 መጀመሪያ ላይ እህል ጠፍቶ ስለነበር ስትራትፎርድ ውስጥ በየቤቱ የተከማቸው እህልና ብቅል ተቆጥሮ ተመዘገበ። በሼክስፒር ቤት 10 ኳርተር ብቅል ተገኘ፤ በዛሬ ሚዛን ከአንድ ቶን በላይ ነው። መዝገቡ ላይ የሰፈረው የባል ስም ነው። ግን ባልየው ያኔ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ለንደን ነበር። ታዲያ ያን ሁሉ ብቅል ማን ተቆጣጠረው? ገብስ መንከር፣ እስኪጎነቁል መጠበቅ፣ ማገላበጥ፣ ማድረቅ ምን ያህል ድካምና ዕውቀት እንደሚጠይቅ እናቶቻችንን ጠይቋቸው። ብዙ ተመራማሪዎችም ሥራውን የመራችው አን ሳትሆን አትቀርም ይላሉ። በቴአትሩ ውስጥ የብቅሉ ክፍል ረጅሙ ነው። በልምምድ ላይ ያዩ እናቶች ሳይጠሩ እየገቡ «እንዲህ አይደለም የሚገላበጠው» እያሉ አርመውናል፤ እርማታቸውንም ተቀብለናል።

ሌላም ወረቀት አለ። በ1601 ቶማስ ዊቲንግተን የሚባል፣ የአባቷ እረኛ የነበረ ሰው ሲናዘዝ፣ በአን እጅ ያለው 40 ሺሊንግ ለስትራትፎርድ ድሆች እንዲሰጥ አዘዘ። ብድር ነው የሚሉ አሉ፤ አደራ ነው የሚሉም አሉ። እኛ አደራውን ይዘን ነው የጻፍነው። አንድ ድሃ እረኛ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን የሚያስቀምጥባት ሴት ምን ዓይነት ሰው ብትሆን ነው?

ስለ አልጋው ብዙ አልልም። ሼክስፒር በ1616 ሲናዘዝ ለሚስቱ «ሁለተኛውን ምርጥ አልጋዬን» ብሎ አንዲት መስመር ጨመረላት። ንቀት ነው ያሉ አሉ። ምርጡ አልጋ ለእንግዳ የሚቀመጥ ስለነበር ሁለተኛው የሁለቱ የራሳቸው አልጋ ነው ያሉም አሉ። መድረኩ ላይ ያለው ዕቃ ይኸው አልጋ ብቻ ነው፤ ተመልካቹ ራሱ ይፍረድ።

ታሪኩ የሚሆነው በ1623 በጋ ላይ ነው። ለንደን ውስጥ 36 የባሏ ቴአትሮች በአንድ ትልቅ መጽሐፍ እየታተሙ ነው፤ እነ ማክቤዝ ከዚያ በፊት ታትመው አያውቁም። እሷ ኦገስት 6 ቀን በ67 ዓመቷ አረፈች። መጽሐፉ የወጣው ከወራት በኋላ ነው፤ አላየችውም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። የምትችሉትን አዋጡ፤ 5 ፓውንድም 10 ፓውንድም ትልቅ ነገር ነው። ዕድርና ማኅበር ያላችሁ በጋራ ብታዋጡ ደግሞ ቶሎ እንደርሳለን። ከሚገባው ገንዘብ መጀመሪያ የሚከፈለው የተዋናይቷ ነው፤ በነጻ ማሠራት አንፈልግም፣ ምክንያቱም ስለ አንዲት ሴት ያልተከፈለ ድካም እየተናገርን ሌላዋን በነጻ ብናደክም ነውር ነው። ቀጥሎ የአዳራሹ ኪራይ፣ ከዚያ መብራትና ልብስ። ገንዘቡ ለአዳራሽ ካልበቃ ሥራው አይቀርም፤ በኮሚዩኒቲያችን ክፍል፣ ባለው አምፖል እናሳያለን። ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚለውን ላዋጣ ሰው ሁሉ በጽሑፍ እንልካለን።

ገንዘብ የማይመቻችሁ ደግሞ በሌላ አግዙን። የእንጨት አልጋ ያለው፣ ያረጀ ቢሆን ይመረጣል፣ ለትርዒቶቹ ያውሰን። ልብስ መስፋት የምትችሉ፣ ዕቃ የምትጭን መኪና ያላችሁ፣ ድምፅና መብራት የምታውቁ ብቅ በሉ። በመጀመሪያው ምሽት የፊት ወንበሮች ለእናቶች በነጻ ተይዘዋል፤ እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ለመምጣት ከአሁኑ ስማቸውን አስመዝግቡልን።