ጾሙ ለምግብ እንጂ ለፓርኪንሰን ኪኒን አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከቀዶ ሕክምና በፊት ስለሚጾመው ጾም ያወጣችሁትን አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም በአፍ አይገባም» የሚለው ትእዛዝ የፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያውክ የነርቭ በሽታ) ታማሚ ላይ ሲደርስ መዘዝ አለው።

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ፓርኪንሰን አለበት። ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ያለበትን ኪኒን ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8 እና ማታ 12 ሰዓት ላይ ይውጣል። ሌቮዶፓ በበሽታው የሚያንሰውን ዶፓሚን የተባለ የአንጎል ኬሚካል የሚተካ መድኃኒት ነው፤ ግን ደም ውስጥ አይቆይም፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ ለቅሶ ብንሄድም ሠርግ፣ ኪኒኗ ከቦርሳዬ አትጠፋም።

ዓምና ለኸርኒያ ቀዶ ሕክምና ተኛ። ሆስፒታሉን አልጠራም፤ ሠራተኞቹ ደጎች ነበሩ። የጠዋቷን ኪኒን ሳወጣ ነርሷ ከለከለችኝ። «እናቴ፣ ጋሼ እኮ ጾም ላይ ናቸው!» ጠዋት የተባለው ተራ ደግሞ ድንገተኛ ታካሚ ገባና ወደ ከሰዓት ተገፋ። ረፋዱ ላይ ጣቶቹ አንሶላውን እንደጨበጡ ቀሩ። ልገለብጠው ብል መላ አካሉ ግትር አለ። ድምፁ ጠፋ። አጠገባችን ያለች አስታማሚ «ስትሮክ እንዳይሆን» አለችኝ።

የገላገለን የሰመመን ባለሙያው ነው። «ይህቺን ማን አስቆማቸው?» አለና መዋጥ መቻሉን አይቶ በአንድ ጉንጭ ውሃ አስዋጠው። ጾሙ የሚታዘዘው ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ተመልሶ ሳንባ እንዳይገባ ነው። ንጹሕ ውሃ ግን ለአብዛኛው ታካሚ ሰመመን ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቀዳል፤ ኪኒን የምታወርድ ጉንጭ ውሃማ ምን ታመጣለች? ይልቅ ድንገት ማቋረጡ ነው የሚያስፈራው። ከባድ ግትርነት፣ ትኩሳትና መቃዠት ሊያመጣ፣ አልፎም ሊገድል ይችላል። መዋጥ ላቃተው ሰው መድኃኒቱን በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ መስጠት ይቻላል።

ሌላው ጣጣ የመጣው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው። አቅለሸለሸው። ተረኛው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ያው ፕላዚል የምንለውን፣ ሊወጋው አዘጋጀ። ፕላዚል ዶፓሚን እንዳይሠራ ይዘጋል፤ ለሌላው መድኃኒት የሆነው ለፓርኪንሰን ታማሚ ጠላት ነው። ስንናገር በኦንዳንሴትሮን ቀየረው። ለሚቃዥ ሰው የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም እንደዚሁ ነው። ሴሌጂሊን የተባለውን ሌላ የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ፔቲዲንና ትራማዶል የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ከመታዘዛቸው በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

የሚገርመኝ ቅጹ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ ወይ ይላል። ቀለበት ይውለቅ ይላል። ኪኒን በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ የሚጠይቅ መስመር ግን የለውም። ይጨመርበት። የፓርኪንሰን ታማሚም ቢቻል የዕለቱ የመጀመሪያ ተረኛ ይሁን፤ ተራው ቢገፋ እንኳ መድኃኒቱ አብሮ አይገፋ። ቤተሰብም ኪኒኑን ከነማሸጊያው ይያዝ፤ ዋርድ ውስጥ ላይገኝ ይችላል።

ጽሑፉን ደግማችሁ ስታወጡ ይህን አካቱበት። የነርቭ ወይም የሰመመን ሐኪም ብታጽፉልን ደግሞ ደስ ይለናል፤ በተለይ የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለቀናት በአፉ ምንም የማይወስድ ታማሚ መድኃኒቱ በምን እንደሚተካ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከኮተቤ