አባባ፣ ባለፒያኖዋም ታጅባለች

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እማዬስ፣ አቤልስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ነው፣ እሱንም ለምደነዋል።

ባለፈው ስለ ኮንሰርቱ ስነግርዎ ስልኩ ተቋረጠብን። «ለመሆኑ ፒያኖው ነው ኦርኬስትራውን የሚመራው ወይስ ኦርኬስትራው ፒያኖውን?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ልጻፈው ብዬ ነው። ፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ሲነፋ ለኖረ ሰው «ደስ ይላል» ብሎ ማለፍ ደግሞ አያምርም።

የማስታምማቸው ሴትዮ በደህናው ጊዜ የፒያኖ አስተማሪ ነበሩ። ወገባቸውን ሲያማቸው ትኬታቸውን ለእኔ ሰጡኝ። አዳራሹ እዚሁ አምስተርዳም ያለው ነው፣ ኮንሰርትኸባው ይባላል። የተከፈተው በ1888 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልዎ)። ጣሪያው ጫፍ ላይ በወርቅ የተለበጠ ክራር መሳይ ነገር አለ። ሳየው አገሬ ትዝ አለኝ።

ወንበሬ ከመድረኩ ጀርባ ነበር። ሴትዮዋ ሆን ብለው ነው እዚያ የሚቀመጡት፤ የተጫዋቹ ጣትም፣ ኦርኬስትራውን በእጅ ምልክት የሚመራው የኮንዳክተሩ ፊትም ይታያል። ጉዳቱ፣ የፒያኖው ክዳን ድምፁን ወደ ሕዝቡ ስለሚገፋው እኛ ጋ ትንሽ ታፍኖ ይደርሳል። ባለፒያኖዋ ከላይ፣ በእኛ መሀል በሚያልፈው ቀይ ምንጣፍ በተነጠፈበት ደረጃ ነው የወረደችው። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ አጠገቤ አለፈች። ቀጭን ልጅ ናት። ይቺ ናት ያንን የሚያህል ፒያኖ የምታዘው? አልኩ በሆዴ።

ከመጀመራቸው በፊት አንደኛው ቫዮሊን ተጫዋች ተነሳና የፒያኖውን «ላ» የሚባለውን ድምፅ ነካ አደረገ። ሁሉም በሱ ቃኙ። ፒያኖ እዚያው መድረክ ላይ አይቃኝ፣ የግድ ሌላው ለሱ መገዛት አለበት። ይሄን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የተጫወቱት የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የራክማኒኖቭን ሁለተኛ የፒያኖ ኮንቸርቶ ነው፤ ኮንቸርቶ ማለት አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ ነው። መጀመሪያ ፒያኖው ብቻውን ነው። ከሩቅ እንደሚሰማ የደብር ደወል ቀስ ብሎ ይነሳና በየኮርዱ እየቀረበ፣ እየገነነ ይሄዳል። ስምንት ኮርድ ነው፤ ኮርድ ማለት አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች ናቸው። ራክማኒኖቭ እጁ ሲበዛ ትልቅ ስለነበር ለራሱ እጅ ነው የጻፈው። የልጅቷ ግራ እጅ ግን አይደርስም። ስለዚህ የታችኛውን ድምፅ ቀድማ ትመታና ወደ ላይ ትዘረጋዋለች። ጣቶቿን እያየሁ ስለነበር ገባኝ። ብዙዎቹ እንደዚያ እንደሚያደርጉ ሴትዮዋ በኋላ ነገሩኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ያ ሁሉ ደወል ካለቀ በኋላ ዋናውን ዜማ ማን የሚወስደው ይመስልዎታል? ኦርኬስትራው! ቫዮሊኖቹና ክላርኔቱ ዜማውን ይዘው ሲነጉዱ እሷ ከስር ጣቶቿ እስኪጠፉ ድረስ ትሮጣለች፤ ሥራዋ ግን ማጀብ ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይማ ይባስ። ፍሉቱ ይጀምራል፣ ክላርኔቱ ይቀበለዋል፣ እሷ ዝግ ብላ ከስራቸው ትሄዳለች። አንገቷን ወደ ክላርኔቱ ሰውዬ አዙራ የሱን ትንፋሽ ትጠብቅ ነበር። ፖስተር ላይ በትልቁ የተጻፈው የሷ ስም ነው፣ ግን ሰውዬው እስኪተነፍስ ትጠብቀዋለች። እርስዎ «ያልሰማ አይነፋም» የሚሉት ትዝ አለኝ። መልሱ እንግዲህ ይሄ ነው፤ መሪነቱን ይቀባበሉታል።

የራክማኒኖቭ ታሪክ ራሱ አንጀት ይበላል። በ1897 የመጀመሪያው ሲምፎኒው ሲከሽፍበት ሐዘን ገባውና ሦስት ዓመት ያህል መጻፍ አቃተው። ዶክተር ኒኮላይ ዳል የሚባል ሐኪም ረዳው፤ በ1901 ራሱ ሞስኮ ላይ የተጫወተውን ይሄን ኮንቸርቶም ለሐኪሙ መታሰቢያ አደረገለት። በ1917 ደግሞ አብዮቱ ሲመጣ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ተሰደደ። አገሩ ሳለ ዋና ሥራው ሙዚቃ መድረስ ነበር። አሜሪካ ሲገባ ግን ቤተሰብ ማብላት አለበት፣ ስለዚህ ከከተማ ከተማ እየዞረ ፒያኖ መጫወት ሆነ እንጀራው። በ1943 እስኪሞት ድረስ አዲስ የደረሳቸው ሥራዎች ስድስት ብቻ ናቸው። እዚህ መሐንዲስ ሆኖ ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ ስንቱን አውቃለሁ! ታዲያ እሱም እንደኛው ለአገሩ ሰው ገንዘብና የምግብ ጥቅል ይልክ ነበር።

አንድ ሌላ ላጫውትዎ፤ እዚሁ አምስተርዳም የሆነ ነው። በ1999 ፖርቱጋላዊቷ ባለፒያኖ ማሪያ ዡአዎ ፒረስ ለምሳ ሰዓት ኮንሰርት መጣች። ሪካርዶ ሻዪ ኮንዳክተር ነው። ኦርኬስትራው ሲጀምር እሷ የተዘጋጀችበት አይደለም፤ ሌላ የሞዛርት ኮንቸርቶ ነው። 20ኛው። ሕዝቡ ተቀምጧል። እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ደግነቱ በሞዛርት ጊዜ ኦርኬስትራው መጀመሪያ ብቻውን ረዘም አድርጎ ይጫወታል፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አላት። ሻዪ መምራቱን ሳያቆም ታውቂዋለሽ እያለ ያበረታታታል። ተራዋ ሲደርስ ፒያኖው የሚገባው ብቻውን፣ ለስለስ ብሎ ነው፤ የሚደበቁበት የለም። ገባች። ሙሉውን በቃሏ ተጫወተችው። ተቀርጿል፣ አቤል ዩቲዩብ ላይ ከፍቶ ያሳይዎ። ፊቷን ይዩልኝ።

አቤልን ካነሳሁ፣ «ፒያኖ የፈረንጅ ነው» የሚሉትን አይስማ። ባለፒያኖው ግርማ ይፍራሸዋ ከክራር ተነስቶ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አልፎ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተምሯል። ኦርጋኑን እልክለታለሁ ያልኩት አልቀረም። 88 ቁልፍ ያለው ከባድ ነው፣ በሻንጣ አይሞከርም። ባለ 61ዱን አይቻለሁ። ለጊዜው ይበቃዋል። በባትሪም የሚሠራውን ልግዛ ወይ? መብራቱ አሁንም እንደዚያው ከሆነ ይንገሩኝ፣ ለፋሲካ የምትመጣ ልጅ ሻንጣዋ ላይ ቦታ እሰጥሃለሁ ብላኛለች።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ