ቫውቸሩ ላይ የተጻፈው ቀን የምን ቀን ነው?

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

አየር መንገዶች በረራ ሲሰርዙ ወይም ከመቀመጫ በላይ ቲኬት ሸጠው መንገደኛ ሲያስቀሩ በካሳ መልክ ስለሚሰጡት የጉዞ ቫውቸር፣ ማለትም በገንዘብ ፈንታ ለሌላ ቲኬት መግዣ ስለሚያገለግለው ወረቀት፣ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በቲኬት ሽያጭ ሥራ የምተዳደር በመሆኔ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ከውጭ አገር የሚመጡ የድሬዳዋና የሐረር ልጆች ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ቫውቸር ይዘው ምክር ሲጠይቁ እሰማለሁ፤ አብዛኞቹ የሚያሳስባቸው ስንት ቀን እንደቀረ እንጂ ቀኑ የምን ቀን እንደሆነ አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ግን እዚያ ላይ ነው። በአንዳንዱ ቫውቸር ላይ የሰፈረው ቀን ቲኬት የሚቆረጥበት የመጨረሻ ዕለት ሲሆን፣ በሌላው ደግሞ ጉዞው ራሱ እስከ መልሱ ተጠናቆ ማለቅ ያለበት ዕለት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ሳምንት ብቻ የቀረው ቫውቸር እንኳ ገና ይሠራል፤ ብዙ አየር መንገዶች በረራዎቻቸውን ከአሥር ወር በላይ አስቀድመው ለሽያጭ ስለሚያቀርቡ፣ ዛሬ ቆርጦ ከወራት በኋላ መጓዝ ይቻላል። በዚህ መንገድ የተቆረጠን ጉዞ መሰረዝ ግን አይመከርም፤ ሒሳቡ ብዙውን ጊዜ የቀድሞውን የማብቂያ ቀን ይዞ ስለሚመለስ፣ ቀኑ ካለፈ ገንዘቡ ቀለጠ ማለት ነው። የማራዘሚያ ጥያቄም ቢሆን ቀኑ ሳያልፍ ነው መቅረብ ያለበት።

የቀን አጻጻፉ ራሱ ያሳስታል። 05/09 የሚለውን አንዱ አገር ሴፕቴምበር 5፣ ሌላው ሜይ 9 ብሎ ያነበዋል፤ በእኛ አቆጣጠር የሚኖሩ እናቶች ደግሞ ግንቦት 5 ይሉታል፤ ማንም አልተሳሳተም።

የእኛን አካባቢ ሰው ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ቫውቸሩን ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ብሎ ማቆየት ነው። ታኅሣሥ 19 በፈረንጆች ዲሴምበር 28 ወይም 29 ስለሚውል፣ ገደብ ያለባቸው ቫውቸሮች ብዙ ጊዜ የማይሠሩበት የገናና የአዲስ ዓመት ሰሞን ላይ ያርፋል። ሐምሌ 19ም ቢሆን የፈረንጆቹ የበጋ ዕረፍት ግርግር ያለበት ነው። ከዒድ አል ፈጥር ሳምንት ያህል በኋላ ለሚከበረው ሹዋል ዒድ ወደ ሐረር የሚመጣ ሰው የተሻለ ዕድል ሊኖረው ይችላል፤ በዓሉ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ በእነዚህ ዓመታት መጋቢት ግድም ይውላል። በዚያ ላይ የውጭ አየር መንገድ ቫውቸር በአብዛኛው የሚሠራው ድርጅቱ ራሱ በሚያበርረው በረራ ብቻ በመሆኑ፣ መንገደኛውን ቦሌ ያደርሰዋል እንጂ ድሬዳዋ አያደርሰውም። የአገር ውስጡ ቲኬት ለብቻው ከተገዛና የመጀመሪያው በረራ ከዘገየ ለሁለተኛው ኃላፊነት የሚወስድ ስለማይኖር፣ በመካከል ሰፊ ጊዜ መተው ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ቫውቸር ለመቀበል መቸኮል አያስፈልግም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 በገንዘብ ፈንታ ቫውቸር መስጠት የሚቻለው መንገደኛው በፊርማው ሲስማማ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል፤ በአሜሪካም በረራው ተሰርዞበት አማራጭ ጉዞ ያልተቀበለ መንገደኛ ገንዘቡን የማስመለስ መብት አለው። በተጨናነቀ መውጫ በር ላይ ደክሞት የቆመ ሰው ይህን የሚነግረው አያገኝም።

በአገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይገልጻል። ስለዚህ ወደ ኢትዮጵያ የሚበርሩ አየር መንገዶችና እኛ ወኪሎችም፣ ቫውቸሩ በማን ስም ብቻ እንደሚሠራ፣ ታክስ ይሸፍን እንደሆነ፣ ትርፍ ሒሳብ ይመለስ እንደሆነና የማብቂያው ቀን የምን ቀን እንደሆነ፣ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈን፣ መንገደኛው በሚረዳው ቋንቋ በአንድ ገጽ ልንሰጥ ይገባል እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቲኬት ሽያጭ ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ