የሒሳብ ክበብ፦ ከ4294967297 ጋር የከረምንበት ዓመት

የሒሳብ ክበብ ድራማ አያሳይም። ዘንድሮ ዋንጫም አላመጣንም። «እናንተ ደግሞ ምን ትሠራላችሁ?» የሚሉን አልጠፉም። መልሱ ይኸው፦ አንድ ቁጥር ይዘን ከረምን።

ሥራ አስፈጻሚ ተመረጠ፣ ዕቅድ ጸደቀ፣ የግድግዳ ጋዜጣው ወጣ። ፈተና ሲቃረብ የአባላት ቁጥር ሳሳ። ይህ በየዓመቱ ያለ ነው፤ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

32 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ጨምሩ፤ 4294967297 ይመጣል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዚህን ቁጥር ታላላቅ ወንድሞች አይቶ ነበር፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመር የሚመጡትን፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537። ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። ቀጣዩም እንደዚያው ነው ብሎ አመነ። በ1732 ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር አካፋይ አገኘለት።

አካፋዩን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። የኦይለርን ፍንጭ ብቻ ሰጠኋቸው፦ ብቸኛ ቁጥር የሆነ ከራሱ ያነሰ አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ የ64 ብዜት ሲደመር 1 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞከሩት ከእነዚህ ውስጥ ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። የክበቡ ካልኩሌተር የሚያሳየው ስምንት አኃዝ ነው፤ ቁጥራችን አሥር አኃዝ አለው። ሥራው በጠመኔ ሆነ።

193 እምቢ አለ። በ257 ሲካፈል 2 ቀረ። 449 እና 577ም አልሆኑም። ለ641 ሰሌዳ ላይ የወጣችው ድምጿ እምብዛም የማይሰማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። በረጅሙ ማካፈል ጀመረች። ሁለተኛው እርምጃ ላይ 7 ጊዜ 641ን አስልታ 4487 ጻፈች። ቀጠለች። መጨረሻ ላይ የቀራት ቁጥር ራሱ 4487 ሆነ። ቀና ብላ ከላይ የጻፈችውን አየች። አላሰላችም፤ 7 ጻፈች፣ ከሥሩ ዜሮ። ድርሻው 6700417። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ፤ የጎረቤት ክፍል መምህር በር ድረስ መጡ። እኔ ግን የማየው የልጅቷን ፊት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን ሳታወጣ የቀረችበት ስብሰባ የለም።

በቀጣዩ ስብሰባ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። 641 ማለት 5 ጊዜ 128 ሲደመር 1 ነው፤ 625 ሲደመር 16ም ነው። እነዚህን ሁለቱን ይዞ፣ አንድም ማካፈል ሳይሠራ፣ 641 ቁጥራችንን እንደሚያካፍል አረጋገጠ። ይህ የታወቀ ማረጋገጫ ነው፤ እሱ ግን ያገኘው በራሱ ጥረት ነው።

ለመጪው ዓመት ቀጣዩን ቁጥር መርጠናል፤ 64 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመር የሚመጣውን፦ 18446744073709551617። እሱም ይካፈላል። አካፋዩን እዚህ አልጽፍም፣ ልጆቹ ይህን የትምህርት ቤታችንን መጽሔት ያነቡታል። ፍንጩ የ256 ብዜት ሲደመር 1 ነው፤ ግን ተራ በተራ ሲሞከር ከአንድ ሺህ በላይ ሙከራ ይጠይቃል። በጠመኔ አይቻልም። አጭር ፕሮግራም ግን በቅጽበት ይጨርሰዋል፤ ልጆቹም መጻፍ ይችላሉ። የኮምፒውተር ክፍሉ ከትምህርት በኋላ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ለክበባችን በሳምንት አንድ ከሰዓት ይከፈትልን። የቀድሞ ተማሪዎችና ወላጆች ደግሞ የሚሠራ አንድ ኮምፒውተር ካላችሁ፣ ለማን እንደምታስረክቡ ታውቃላችሁ።