ለደብረ ማርያም መሻገሪያ ጀልባ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ወገኖች፦

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ተለይቶ ጉዞውን በሚጀምርበት በባሕር ዳር የምትገኘው፣ ገዳም ያለባት የደብረ ማርያም ደሴት ከከተማው የምትለየው በአጭር ውኃ ብቻ ነው። ይህን ውኃ ተማሪው ለትምህርት፣ ሠራተኛው ለሥራ፣ ገበያተኛው ሎሚና ማንጎ ይዞ፣ ታማሚው ደግሞ ሐኪም ፍለጋ ይሻገረዋል። ለእናንተ የምናቀርበው ጥሪ ጠዋትና ማታ በተወሰነ ሰዓት የምትመላለስ አንዲት አነስተኛ የሞተር ጀልባ ለማሠራትና ሳታቋርጥ እንድትሠራ ለማድረግ የሚውል ድጋፍ እንድትለግሱን ነው።

እስከ ዛሬ የሚያሻግረን በአብዛኛው ታንኳ ነው። በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ተክል የሚታሰረው ታንኳ ቀላልና ርካሽ ከመሆኑም በላይ ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ በቀላሉ አይሰጥምም፤ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ጠብቆ ያቆየውን ይህን ጥበብ ልናቃልል አንሻም። ነገር ግን ደንገል ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል፤ ከአገልግሎት በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ካልሞቀ ይበሰብሳል፤ በጥንቃቄ ቢያዝ እንኳ ዕድሜው ከጥቂት ወራት አያልፍም። የሐይቁ ዳር እየታረሰና ከብት እየተሰማራበት ሲሄድ ደንገሉ ስለሳሳ፣ ያረጀውን ታንኳ በአዲስ መተካት እንደ ድሮው ቀላል አልሆነም። ከሁሉ በላይ አንድ ታንኳ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ሰው በመሆኑ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት መሻገር በሚፈልግበት ማለዳ ወረፋው ይረዝማል። ምጥ የያዛት እናት በታንኳ ላይ መጋደም አትችልም።

ጥሪያችንን የሰሙ አንዳንድ ወገኖች «አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመርቆ የለም ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ድልድይ የከተማውን ሁለት ወገኖችና ወደ ጎንደር የሚወስደውን አውራ ጎዳና የሚያገናኝ ትልቅ ሥራ ሲሆን፣ የአባይ ማዶን ነዋሪ ከመጨናነቅ ገላግሎታል። ድልድዩ ግን የቆመው ከሐይቁ አፍ ዝቅ ብሎ በወንዙ ላይ ነው፤ ወደ ደብረ ማርያም አይደርስም። ለእኛ የሚሆን ሌላ ድልድይ ይሠራ ብሎ መጠየቅ ከአቅማችንም ከሚጠበቀውም በላይ ነው። ጀልባ ግን በማኅበረሰብ አቅም ሊደረስበት የሚችል ነገር ነው።

የጀልባውን ዓይነት የወሰነልን ውኃው ራሱ ነው። የጣና ከፍታ ክረምቱ እንደወጣ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ ክረምት ሊገባ ሲል ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ወደ ወንዙ የሚለቀቀውን ውኃ የሚመጥን ሲሆን፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከሐይቁ ብዙ ውኃ በጣና በለስ ዋሻ በኩል ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል። ስለዚህ በጥቅምት ጀልባ የሚቆምበት ዳር በግንቦት ጭቃ ሆኖ ይቀራል። አሮጊቶችና ሕፃናት ጉልበት በሚደርስ ጭቃ ውስጥ እንዳይገቡ በበርሜል ላይ የተደላደለ፣ ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ መሳፈሪያ በሁለቱም ዳር እንዲኖር ወስነናል። ምናልባት ከጀልባው ይልቅ ሰዉን የሚጠቅመው ይህ ሊሆን ይችላል፤ ስለ እሱ የሚጠይቀን ሰው ግን ትንሽ ነው።

ጀልባው ሆዱ ጠፍጣፋ፣ በዝቅተኛ ውኃ የሚሄድ፣ ጣሪያ ያለውና በዚሁ በባሕር ዳር በሚገኙ የብረታ ብረት ባለሙያዎች የሚበየድ እንዲሆን እንፈልጋለን። በሞተሩ ጉዳይ ላይ በመካከላችን ብዙ ክርክር ተደርጓል። ወጣቶቹ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ የኤሌክትሪክ ሞተር ይሁን ሲሉ ያቀረቡት ሐሳብ ርቀቱ አጭር በመሆኑም፣ ነዳጅ እንደ ልብ ስለማይገኝም፣ ሐይቁ ዘይት እንዳይነካው ስለምንሻም ጠንካራ ነበር። ሆኖም ባትሪው ቢበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ ከአጠገባችን ስለሌለ፣ የባሕር ዳር መካኒኮች ፈተው የሚገጥሙትን ያማሃ ሞተር ለመጀመሪያው ጊዜ መርጠናል። ውሳኔው ሁሉንም አላስደሰተም። የኤሌክትሪክ ሞተር ከነመለዋወጫውና ከነሥልጠናው የሚለግሰን ወገን ቢገኝ ውሳኔያችንን እንደገና ለማየት ዝግጁ ነን።

ጠዋት ሐይቁ ብዙውን ጊዜ የተኛ ነው፤ ነፋሱ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ የሚያሳስበን የማታው መመለሻ ነው። በዚያ አካባቢ ጉማሬ እንዳለም የማያውቅ የለም። በመሆኑም ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ላይፍ ጃኬት፣ ለሕፃናትም በልካቸው የተሠራ፣ ሳይሟላ ጀልባው እንዳይንቀሳቀስ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ አስፍረናል። ነፋሱ በበረታ ቀን ጉዞ የሚሰረዘው በሹፌሩ ውሳኔ ነው፤ ማንም ተሳፋሪ፣ ይህን ጥሪ የሚያቀርበው ኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ ሊያስገድደው አይችልም።

ሹፌሮቹና ረዳቶቹ የሚመረጡት ዛሬ በታንኳ ሲያሻግሩን ከኖሩት ቀዛፊዎች መካከል ነው። ውኃውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ጀልባ መጣ ተብሎ እንጀራቸው እንዲቋረጥ የሚፈልግ በመካከላችን የለም። ጎብኚዎችን ወደ ገዳሙ የማድረሱ ሥራም እንደ ቀድሞው በታንኳ ለእነርሱ ይቀራል፤ ጀልባው ለነዋሪው መመላለሻ ብቻ ነው።

ልገሳን በተመለከተ በግልጽ እንናገር። ጀልባ መግዣ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ያን ያህል አይከብድም፤ ስም ይጻፍበታል፣ ፎቶግራፍ ይነሣበታል። የሚከብደው ከዓመት በኋላ ለነዳጅ፣ ለፕሮፔለር መለወጫ፣ ለቀለምና ለሹፌሩ ደመወዝ የሚሆነውን ማግኘት ነው። እምቦጭ በጣና ላይ ከተከሰተ ወዲህ አረሙ ፕሮፔለር ላይ እየተጠመጠመ ሞተር ሊያበላሽ እንደሚችል ጀልባ የሚነዱ ሁሉ ያውቁታል። ተማሪዎች በነፃ፣ ሌሎች በመጠነኛ ክፍያ እንዲሻገሩ ስለወሰንን ከቲኬት የሚገኘው ገቢ ወጪውን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ይልቅ በየወሩ ጥቂት ለመስጠት ቃል የሚገባ ወገን ይበልጥ ይጠቅመናል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በዓረብ አገራት የምትኖሩ የባሕር ዳር ልጆች በዚህ መንገድ ብትተባበሩን፣ ወይም ወደ አገር ቤት ስትመጡ የሕፃናት ላይፍ ጃኬት በሻንጣችሁ ብትይዙልን፣ ትልቅ እገዛ ይሆናል። በከተማው ያላችሁ ደግሞ በርሜል፣ ጣውላ፣ ቆርቆሮ ወይም የአንድ ቀን የብየዳ ሥራ ልትለግሱ ትችላላችሁ።

ገንዘቡ በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ይቀመጣል፤ ከሦስቱ አንዱ የቀዛፊዎቹ ተወካይ ነው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ አላሰፈርነውም፤ ከተለያዩ አቅራቢዎች የምንሰበስበው ፕሮፎርማ፣ እንዲሁም የየወሩ ገቢና ወጪ በመሳፈሪያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በእጅ ገንዘብ ለሚሰጥ ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል። የሂሳብ ቁጥሩን ከኮሚቴው አባላት በአካል ተቀበሉ፤ በስልክ መልእክት የሚደርሳችሁ ማንኛውም ቁጥር የእኛ አይደለም። ሥራው የሚጀመረው በተንሳፋፊ መሳፈሪያው ሲሆን፣ ውኃው ዝቅ በሚልበት በግንቦት ወር መሠረቱን ለመትከል አስበናል።