አትስቂ፣ ውሻ አሳድጋለሁ

አንቺዬ፣ እንደምን ከርመሻል?

እኔም እማዬም ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን። አራት ዓመት ድምፄ የጠፋበትን ምክንያት አላሳምረውም። መጀመሪያ ኔትወርክ ጠፋ፤ መንገዱም ተዘጋ። የእናትሽን መርዶ የሰማሁት ያኔ ነው። ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። ከዚያ ኔትወርኩ መጣ፤ እኔ ግን ምን ብዬ ልደውል? ሳፍር ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ነፍሳቸውን ይማር። እርጎ ሳያጠጡኝ ከቤታችሁ ወጥቼ አላውቅም።

አሁን ብዕር ያስነሳኝ ግን ሌላ ወሬ ነው። ሁለት ውሻ አሳድጋለሁ። አዎ፣ እኔ! ሦስተኛ ክፍል ሳለን ውሻ ነክሶኝ ለ14 ቀን በየቀኑ እምብርቴ ዙሪያ ስወጋ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመሽ የምትጠብቂኝ አንቺ ነበርሽ። ከዚያ ወዲህ ውሻ ካየሁ ፒያሳን ዞሬ ቤቴ እንደምገባ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ዛሬ ክንድ ላይ ነው የሚወጉት፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። እኛ ቸኩለን ተነከስን።

ወደ አዘዞ መንገድ አንዲት ሴትዮ የተጣሉ ውሾችን ግቢያቸው ውስጥ ያስጠጋሉ። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ልትወስድ ስትሄድ አጀብኳት። እሷ ባዶ እጇን ተመለሰች። እኔ በባጃጅ ሁለት ውሻ ጭኜ መጣሁ። ሌሎቹ ሁሉ ሲጮሁብኝ አንድ ትልቅ ቡላ ውሻ ብቻ ተኝቶ አየኝ። ጀርባው ላይ ቀይ ትንሽዬ ነገር ተኝታለች። «እነዚህ አይነጣጠሉም» አሉኝ ሴትዮዋ። ምን እንደነካኝ እንጃ። ባለ ባጃጁ እጥፍ አስከፈለኝ።

ትልቁን ታዘበው አልኩት። ድሮ የውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት እንደነበር ታውቂያለሽ። እኔ እንኳ ዝም ብሎ ስለሚያይ ነበር። በአጥር ማዶ ያሉት እትዬ ግን ጠዋት ማታ «ታዘበው! ታዘበው!» ስል ሲሰሙ ለሳምንት ሰላምታ ነሱኝ። የወሰኑ ነገር ትዝ ብሏቸው መሰለኝ። ትንሿ ሚጥሚጣ ናት። ስሟ ማብራሪያ አይፈልግም።

ታዘበው መጥረጊያ ካነሳሁ መሬት ላይ ተለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ማን ምን እንዳደረገው አላውቅም፤ ዱላ ግን ያውቃል። አሁን ግቢውን የምጠርገው እሱን ወደ ጓሮ ከሸኘሁ በኋላ ነው። ሁለት ወር አልነካኝም፣ አልነካሁትም። ሁለታችንም ተፋርተን። አንድ እሁድ በረንዳ ላይ ቡና ሳፈላ መጥቶ አገጩን እግሬ ላይ አደረገ፤ ያውም ጠባሳው ባለበት እግር። ላብ አጠመቀኝ። አቦል ላይ የጀመረ ቶና እስኪወርድ አልተንቀሳቀስኩም። ስኒውን እማዬ ናት ያቀበለችኝ። እግሬ ደነዘዘ፤ እሱ ያንኮራፋል።

ሚጥሚጣ ሌባ ናት። ጫማ ትሰርቃለች፣ ያውም አንድ እግሩን ብቻ። አታኝከውም፤ ከውሃው በርሜል ጀርባ ትደብቀውና ፈላጊውን ቁጭ ብላ ታያለች። በክረምቱ ጅብ በር ድረስ የመጣ ሌሊት ደግሞ ሰፈሩን ያስነሳችው እሷ ናት። በመስኮት ሳይ ታዘበው ፀጉሩን አቁሞ በሩ ሥር ቆሟል፤ ድምፅ የለም። ከሁለቱ የፊት እግሮቹ መሃል ጭንቅላቷን አውጥታ ጅቡን የምትሳደበው ሚጥሚጣ ናት። እሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል እሷም አንድ ወደ ኋላ፣ ግን አፏ አይዘጋም። እንዲህ ያለ ደጀን ካለ እኔም ጀግና ነበርኩ።

ከእማዬ ጋር የምንጣላው በምግባቸው ነው። ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ዘንድ ላስከትባቸው ስሄድ (የእብድ ውሻ ክትባት በየዓመቱ ነው፤ ይህን እኔ እረሳለሁ ብለሽ አትጠብቂ) ወጥ እንዳትሰጪ አሉኝ። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። እማዬ «ስንት ውሻ በወጥ ፍርፋሪ ሲኖር አይደል እንዴ?» ብላ ተቆጣች። እና ለብቻቸው ድስት ገዛሁ። ቂንጬና ሳንባ እቀቅልላቸዋለሁ። ሳንባውንም ጥሬውን አልሰጥም፤ በሱ የሚመጣው ትል በውሻው ዞሮ ሰው ላይ ይደርሳል። ችግሩ ሁዳዴ ሲገባ ነው። የሰፈራችን ሉካንዳ ለ55 ቀን ይዘጋል፣ እኔም እንቁላል እቀቅላለሁ። እማዬ ያቺን ድስት «የምታስገድፈው» ብላ ስም አውጥታላት ከምድጃው አጠገብ አታስደርስም። ውጭ በከሰል ነው የማበስለው።

ሚጥሚጣን አስመክኛታለሁ። ሁለቱ ይበቁኛል፤ እትዬም ሦስተኛ ስም የሚችሉ አይመስለኝም።

ለጥምቀት ነይ። ለቅሶውንም ያኔ ቁጭ ብለን እናለቅሳለን፣ ዕዳዬ ነው። ስትደርሺ በሩን አታንኳኪ፣ ደውይልኝ። ጃንጥላ ከያዝሽ ታዘበው ሳያየው ለኔ ስጪኝ። ጫማሽን ቁምሳጥን ላይ እሰቅልልሻለሁ።

ያንቺው፣
ያቺ ፈሪ