ደረጃ 4 የጨረሰ ልጅ ለምን ከዜሮ ይጀምራል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የእህቴ ልጅ በቴክኒክና ሙያ የኤሌክትሪክ ሥልጠናውን እስከ ደረጃ 4 ጨርሶ ሲኦሲውንም (የብቃት ምዘናውን) አልፏል። ዲግሪ ሊማር በማታው ሲመዘገብ ግን ከተማረው አንድም ኮርስ አልተያዘለትም። ቆጣሪ ሲቀጥል የኖረ ልጅ የመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አያያዝ እንደ አዲስ ሊማር ነው፣ ያውም ከፍሎ!

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑና ከወደቁት የተሻለ ውጤት ለነበራቸው ሪሚዲያል (ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ የማካካሻ ትምህርት) ተዘጋጀላቸው፤ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። የቴክኒክና ሙያ ልጆችስ? ሥልጠናው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ዩኒቨርሲቲው በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ነው፤ መሃል ላይ የሚንገላታው ልጁ ነው። ሁለቱ ቁጭ ብለው የትኛው የደረጃ 4 ሥልጠና በየትኛው የዲግሪ ኮርስ እንደሚያዝ አንድ ዝርዝር ያውጡልን። ዩኒቨርሲቲዎቹም «እናያለን» እያሉ ሰው ከማመላለስ ይልቅ በዚያ ይመዝግቡ።

ከአዲስ አበባ